ጤፍ የሚያክል አረፋ

«ገንዳውን የገደልሽው አንቺ፤ የምታሰረው እኔ። ጎበዝ ልጅ!» አሉኝ።

ፊት ለፊቴ ቆመው ነው ያሉኝ፤ ቦቲያቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ጭቃ ለብሷል። የቆዳ ፋብሪካችንን የቆሻሻ ውሃ ገንዳ የሚጠብቁ፣ ከአርሲ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እኔ መልስ የምታጣ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ «የሁለት ሰው ምላስ ላንቺ ተሰጠ» ትለኛለች። የዚያን ቀን ግን ምን ልበል? ያሉት እውነት ነበራ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ አላለፍኩም። አንድ ዓመት ሙሉ ናዝሬት ውስጥ ከቤት ወደ ቀበሌ ስብሰባ፣ ከቀበሌ ስብሰባ ወደ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። መቀመጥ አልችልም። ቁጭ ስል እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የመንግሥት ቆዳ ፋብሪካ ቀጠረኝ። ደብዳቤው «የላቦራቶሪ ረዳት» ይላል። ነጭ ጋዋኔን ተኩሼ ሄድኩ። የወሰዱኝ ግን ከግቢው መጨረሻ፣ ሽታው ቢሮ እንዳይደርስ ተብሎ አጥር ጥግ የተቆፈረ የሲሚንቶ ገንዳ ዳር ነው። ላቦራቶሪ የሚሉት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ መዝገብ፣ ሁለት ረጃጅም የብርጭቆ ሲሊንደሮች፤ በቃ። ሽማግሌውም ነበሩ።

«ኢንታላ፣ ነይ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ልጅት ማለታቸው ነው፤ እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «እጅሽን ክተቺ።»

«የት?»

«ውሃው ውስጥ ነዋ! ሌላ የት?»

«ይሄ ውስጥ?»

«ኋላ ትታጠቢያለሽ። ውሃ ቸግሮን አያውቅም።»

እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ ከተትኩ። ቡናማው ውሃ ከታች ወደ ላይ እየተነፈሰ ክንዴን ይኮረኩረኛል።

«ምን ምን ይላል?»

«ጉንዳን የሄደብኝ ይመስላል።»

«ጤፍ ነው» አሉ። «አረፋው ጤፍ ሲያክል ገንዳው ደህና ነው። ሌላውን ትምህርትሽን እዚያው ናዝሬት ተይው።»

የጤፉን ምሳሌ ያመጣው ገንዳውን የተከለው ፈረንጅ ነው። በአንድ መዳፉ ጤፍ፣ በሌላው ባቄላ ይዞ ለሠራተኛው እያሳየ «ጤፍ ጥሩ! ባቄላ መጥፎ!» ይል ነበር አሉ። ከዚህ ሌላ አማርኛ አያውቅም። ሠራተኛው ይስቅበት ነበር፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ያዙት። እሱ ወደ አገሩ ገባ፤ ትምህርቱ እሳቸው ዘንድ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሬ ቆዳ በኖራ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ሲወልቅ የሚወጣው ውሃ ደም፣ ሞራ፣ ፀጉርና ኖራ ነው። እሱ እንዳለ ወንዝ ቢገባ ወንዙን ይገድላል። ገንዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እንደኛው አየር ይፈልጋሉ። ከገንዳው ወለል ላይ አሥራ ሁለት ቱቦዎች ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ቱቦ ስስ የጎማ ቆዳ ለብሷል፤ ጎማው ዓይን በማያያቸው ስንጥቆች ተበስቷል። ሞተሩ አየር ሲነፋ ጎማው ይነፋና ስንጥቆቹ ይከፈታሉ፤ ሞተሩ ሲቆም ይገጥማሉ። ጤፍ የሚያክለው አረፋ ቀስ ብሎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ በመንገዱ ላይ አየሩን ለውሃው እያደለ። ባቄላ የሚያክለው ግን ሽቅብ ይተኮሳል፤ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል፤ ይዞት የመጣውን አየር ይዞት ይሄዳል። ለነፍሳቱ ምንም አልደረሳቸውም።

ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅኩ መስዬ አልጽፍም።

የእኔ ሥራ መጠበቅ ነበር። ጠዋትና ከሰዓት ከገንዳው አንድ ሊትር ቀድቼ ሲሊንደሩ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ጭቃው የት ድረስ እንደተቀመጠ አንብቤ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ጭቃው ከታች ተሰብስቦ ከላይ ጥሩ ውሃ ከታየ ነፍሳቱ ደህና ናቸው። ሠላሳ ደቂቃ! ጭቃ ሲቀመጥ ቆሞ ማየት! ከአጥሩ ውጪ የአሰብ ከባድ መኪኖች ያልፋሉ፤ እኔ ብርጭቆ ላይ አፍጥጫለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ገንዳውን እየዞርኩ ጠበቅኩ። ሁለተኛው ሳምንት አሥር ደቂቃ አይና የሠላሳውን በግምት እጽፍ ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ የትላንቱን አይቼ የዛሬውን እጽፋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጌ፣ እውነት እንዲመስል። መዝገቤ ከአስተማሪ ደብተር ይበልጥ ያምር ነበር።

ከዚያ ጎማዎቹ ተደፈኑ። ኖራና ሞራ እንደ ሥጋጃ ተነጠፈባቸው። የግፊት መለኪያው ቀስት ቀዩ ጋ ደረሰ፤ ሞተሩ እጅ አላስቀምጥ አለ። አዲስ ጎማ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የውጭ ምንዛሪ የለም። ሽማግሌው መድኃኒቱን ያውቁታል፦ ቱቦውን በሰንሰለት ስቦ ማውጣት፣ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት፣ ለቆዳው ሥራ በሚመጣው ፎርሚክ በሚሉት አሲድ፣ በውሃ አቅጥኖ፣ በርሜል ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ማጠብ፣ መመለስ። አንዱ ቱቦ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ጎማ ዘፍዝፈው ሳሉ የአረፋ በዓል ደረሰና አገራቸው ሊሄዱ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰዱ።

«እስክመጣ አትንኪ» አሉኝ።

በሄዱ ማግስት ሥራ አስኪያጁ መጡ። ከአዲስ አበባ ከፍተኛ እንግዶች ሊጎበኙ ነው። ገንዳውን አዩ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይንፈቀፈቃል፤ ሌላው የተኛ ነው።

«ይሄ ምንድነው? ሞተ እንዴ?»

«ተደፍኖ ነው፣ ጌታዬ። ሲጸዳ—»

«እስከ መቼ?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«እንግዶቹ የሚመጡት ከነገ ወዲያ ነው። ሲፈላ ማየት አለባቸው» ብለው መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

አሥራ ሁለት ቀን እንኳን ለሳቸው ለእኔም የሚቻል አልነበረም። ጥሬ ቆዳ ክፍል ሮጥኩና ጥቅል ከሚሰፉት ሴቶች ከአንዷ ወስፌ ተዋስኩ።

«ምን ልትሰፊ ነው?» አለችኝ።

«ገንዳ።»

«እሰይ፣ አፉን ስፊልን፤ ሽታው ገደለን!»

ከጥገና ክፍል ሁለት ሰዎች ቱቦዎቹን እየሳቡ አወጡልኝ፤ እኔ ጎማውን በወስፌ ወጋሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሁለት ቀን ሙሉ ወጋሁ። እጄ ሥራ ስላገኘ ደስ ብሎኝ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ከተዘፈዘፈው ከአንዱ በስተቀር አሥራ አንዱን ጨረስኩ። ሞተሩ ሲነሳ ገንዳው ዳር እስከ ዳር ተገለባበጠ። እንደ ድግስ ድስት ፈላ! የግፊቱ ቀስት ወደቀ፤ ሞተሩ ቀዘቀዘ። እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ። በሳምንቱ ፎቶዬ «ኮከብ ሠራተኛ» ተብሎ በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ፔርሙስም ተሸለምኩ።

ሽማግሌው ከአረፋ በዓል የተመለሱት እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ነበር። ከበሩ ጀምሮ ድምፁን ሰምተው ሮጠው መጡ። እጃቸውን ከተቱ። አወጡ። አላዩኝም፤ ሞተሩ ላይ ነው የጮኹት።

«ላኪ! ላኪ!» አይሆንም ማለታቸው ነው። «ይሄ ባቄላም አይደለም፤ ይሄ ድንች ነው!»

«ግን ይፈላል» አልኩ።

«ድስት ነው እንዴ፣ የሚፈላው?» ወደ ጥገና ሰዎች ዞሩ። «ሁላችሁም ስሙኝ። ይሄ ገንዳ በሁለት ሳምንት ይጠቁራል። ይሸታል። ከብት ይገድላል።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ቡናማው ውሃ ጠቆረ። የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ጀመር፤ ሽታው ቢሮ ድረስ፣ ከቢሮ አልፎ አስፋልት ድረስ። ሲሊንደሩ ውስጥ የጨመርኩት ጭቃ አልቀመጥ ብሎ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ከታች ካለው የገበሬ ማኅበር ሰዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ ከብቶቻቸው ወንዙ ዳር ደርሰው ይመለሳሉ፣ ጠጥታ የነበረች አንዲት ጊደር ሞታለች።

እዚህ ላይ የፋብሪካው ካድሬ ገባበት። ናዝሬት አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፤ በሁለት ክፍል ይበልጠኝ ነበር። ኬሚስትሪ ይኮርጅ እንደነበር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። መዝገቤን ወሰደ፤ ገጹን ሁሉ አገላበጠ፤ እስከ ትላንት ወዲያ ድረስ «ደህና» ይላል። እንግዲህ ገንዳው በድንገት ነው የተበላሸው። በድንገት የተበላሸ ነገር ደግሞ አበላሽ አለው። ማነው ይሸታል ብሎ አስቀድሞ የተናገረው? ማነው ሦስት ቀን ከግቢ የጠፋው? አሻጥር ነው። ለቅዳሜ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ከስብሰባው በኋላ ሽማግሌው የት እንደሚወሰዱ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ መናገርም አያስፈልግም ነበር፤ በዚያ ዘመን አሻጥር ተብሎ የተወሰደ ሰው የሚሄድበትን ሁሉም ያውቃል።

ሽማግሌው መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ያሉኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከሳሙናው አላወጣችም።

«የሳቸው ልጆች ስንት ናቸው?»

«አላውቅም።»

«አንቺ ለእኔ አንድ ነሽ» አለች፤ «አፍሽን ሰብስቢ።»

አርብ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው ሰርቪስ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ፦ እኔ ነኝ ብዬ ብናገር አያምኑኝም። ፎቶዬን ራሳቸው ሰቅለዋል፤ ራሳቸው አያወርዱትም። ማሳየት አለብኝ። ሽማግሌው በርሜላቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ያቺን ጤነኛ የቀረች ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋታል።

«አባባ፣ ከሷ ላይ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ይስጡኝ።»

«እብድ ነሽ?»

«ለነገ ነው። በሁለት ሲሊንደር አሳያቸዋለሁ። በአንዱ የእርስዎን ጎማ፣ በአንዱ የእኔን። አየሩ ያው፣ ውሃው ያው።»

«አሥራ አንድ ቆዳ በላሽ፤ አሁን ደግሞ አሥራ ሁለተኛዋን ፈለግሽ?»

«ሊያስሩዎት ነው እኮ!»

«እኔን ማሰር ይችላሉ። ጎማ ግን መግዛት አይችሉም።»

ለመንኩ። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ሲለምኑ ምን እንደሚባልም አላውቅም ነበር። እየተመላለስኩ አወራሁ፤ ገንዳውን ሁለቴ ዞሬ መጣሁ፤ አሁንም እዚያው ናቸው። በመጨረሻ ጎማዋን ዘረጉና ከጫፏ፣ ከማሰሪያው ቀለበት ውጪ ያለውን ትርፍ በጣታቸው ለኩ። ቢላዋ አወጡ። ቁርጡ ቀጥ ያለ ወጣ።

«ይቺው ናት። አትወጊያት» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሞተሩ የአየር ቱቦ ላይ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ላስቲኮች ቀጠልኩ። በአንዱ አፍ የሳቸውን ቁራጭ፣ በሌላው እኔ በወስፌ ከወጋሁት ቆርጬ በሽቦ አሰርኩ። ሁለቱንም ሲሊንደሮች ከገንዳው በቀዳሁት ጥቁር ውሃ ሞላሁ። አየሩን በአንድ ልክ ለቀቅሁ። አንደኛው ወተት የተጨመረበት ይመስል ደፈረሰ፤ አረፋው አይታይም። ሁለተኛው ጉልጉል፣ ጉልጉል ይላል። ጠረጴዛውን ስብሰባው በሚደረግበት፣ ከገንዳው በማይርቀው መጋዘን በር ላይ፣ ሰው ለስብሰባ የሚያልፍበት ቦታ አድርጌ አጠገቡ ቆምኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት። አምስት ሰዓት ሙሉ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

ስብሰባው ተከፈተ። መፈክር ተባለ። ካድሬው ሽማግሌውን አስነሳና ማንበብ ጀመረ፤ «አድኃሪ» የሚለው ቃል ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እጄን አነሳሁ። ዕድል ሳይሰጠኝ ተነሳሁ።

«ጎማውን በወስፌ የወጋሁት እኔ ነኝ።»

ካድሬው ፈገግ አለ።

«ጓዲት፣ አንቺ ኮከብ ሠራተኛ ነሽ። ኮከብ ሠራተኛ አሻጥር አይሠራም።»

«አሻጥር አልሠራሁም። ድንቁርና ነው የሠራሁት።»

«መዝገቡ ደህና ይላል።»

«መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ሰለቸኝና ከትላንቱ እየገለበጥኩ ጻፍኩት። ኩረጃ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ጓድ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። የካድሬው ፈገግታ ጠፋ።

«ሽማግሌውን ለማዳን ነው ይህን ሁሉ የምትዪው።»

«እንግዲያው ና አሽት።»

«ምን?»

«ሁለቱን ብርጭቆ አሽት። ውሃው ከአንድ ገንዳ ነው። አየሩ ከአንድ ሞተር ነው። ልዩነቱ የጎማው ቀዳዳ ብቻ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መሀረባቸውን ፈለጉ። ወስፌውን ያዋሰችኝ ሴት ከመሃል ተነሳች።

«እሷ አምስት ሰዓት ቆማ ያሸተተችውን እናንተ አንድ ጊዜ አታሸቱም? እኛ በየቀኑ እናሸት የለ!»

ሰው ተነቃነቀ። ማንም ሳያዝዝ ጠረጴዛው በር ላይ ካለበት ተነስቶ መሃል ገባ። በሽማግሌው ጎማ የተነፋው ውሃ ወደ ቡናማ ተመልሷል፤ የዝናብ መሬት ይሸታል። የእኔው ጥቁር ነው፤ እንቁላሉ እንዳለ ነው። ሰዉ እየተሰለፈ አሸተተ። «ውይ!» «ይሄኛው ደህና ነው እኮ!» «ፈረንጁ ጤፍ ይል አልነበረም?» ካድሬው መጨረሻ ላይ መጣ። ጎንበስ አለ። የእኔው ጋ ሲደርስ ፊቱን አዞረ።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ጥግ ይዘው ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በቃሉ ተናገረ። አሻጥር የሚለው ቃል ጠፋ፤ «የአሠራር ጉድለት» ሆነ። ሽማግሌው ወደ ገንዳቸው ይመለሱ፤ ገንዳውን ያድኑ። እኔ ግለ ሂስ ጽፌ ፈርሜ፣ ከሰኞ ጀምሮ ግቢ እንዳልገባ።

«ጎማዎቹ እስኪጠገኑ ልቆይና ላግዝ» አልኩ።

«ከሰኞ አይደለም፤ ከአሁን ጀምሮ» አለ ካድሬው።

ግለ ሂሱን ቆሜ ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም። «ሰፋ አድርጊው» አሉኝ፤ «የሆነው ይሄው ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ጫማዬን ለመቀየር ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ስሄድ የጥበቃው ሰው ከኋላዬ ይከተለኛል። ሽማግሌው አንዱን ቱቦ ስበው አውጥተዋል። ጎማውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው እኔ የወጋኋቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በኖራ ምልክት ያደርጉባቸዋል። ቀና አላሉም።

«በመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይለጠፋል፤ ከዚያ በልብስ ስፌት መኪና መርፌ፣ በቀጭኗ፣ እንደገና ይበሳል» አልኩ። «ሌሊት ያሰብኩት ነው።»

«አስቤዋለሁ» አሉ።

«ከእኔ በፊት?»

«አንቺ ስትስቂ የዋልሽ ዕለት።»

ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ቦቲዬን አውልቄ ከበሩ ሥር አስቀመጥኩ።

«ማስቲሽ የለንም» አሉኝ፣ አሁንም ሳያዩኝ። «ናዝሬት ጎሚስታ ጋ ካገኘሽ ለሰርቪሱ ሾፌር ስጪልኝ። ብዙ።»

«ሰኞ ይደርስዎታል።»

«ሰኞ ይርቃል። ነገ።»

«ነገ እሑድ ነው፣ ሰርቪስ የለም።»

«እንግዲያው ሰኞ በመጀመሪያው።»

«እሺ፣ አባባ።»

በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ፣ ጋዋኑን አስቀረ፣ ስሜን ከዝርዝሩ ሰረዘ። ወደ ከተማ የሚሄደው ጋሪ ሞልቶ ቆሟል። ባለጋሪው ጠጋ በሉላት ብሎ ጮኸ፤ ማንም አልተጠጋም። በእግሬ ወደ ናዝሬት ሄድኩ።